ፊታውራሪ ዘዋይፋይ

በዚህ አገር፣ በሰው እጅ ላይ ያለ ስልክ አይቶ ዝም ማለት የማይችል አንድ ሰው የሌለበት ግቢ አልተሠራም። ተሠርቷል የሚል ካለ ያሳየኝና ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባበታለሁ። ይህ ሰው ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ አለ። ከወረታ በሚነሣው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አለ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንኳ አለ። ሰዓት ልታዪ ብለሽ ስልክሽን ስታወጪ አንገቱ ይረዝማል። "ይሄ ነገር ባትሪ እየበላብሽ ነው" ይላል። ከዚያ እጁን ይዘረጋል፤ "እስቲ ወዲህ በይው፤ አንድ ደቂቃ ነው።"

አንድ ደቂቃ ሆኖ አያውቅም። ስልክሽ ሲመለስልሽ ፊደሉ ገዝፎ፣ ጥሪው ወፍ ሆኖ፣ የእናትሽ ስም በነበረበት ቦታ የአየር ጠባይ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ሰውየው ግን በሽተኛ አድኖ እንደ ወጣ ሐኪም እጁን እያሻሸ "አሁን ተሻለው" ይልሻል። ታመሰግኚዋለሽ። ምን ታደርጊ?

ደብረ ታቦር ውስጥ ለእኔ የደረሱኝ ጋሽ ሙሐዲን ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከገበያው በላይ ባለች አንድ በር ሱቅ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖሩ። ሬዲዮ ሲቀር ቴፕ፣ ቴፕ ሲቀር ዲሽ ጠገኑ። በመጨረሻ ሱቁን ለዘመድ ለቀው ቤት ሲቀመጡ እጃቸው ሥራ ፈታና ተከራዮቻቸው ላይ አረፈ። የመነጽራቸው አንድ እግር ከተሰበረ ቆይቷል፤ በጥቁር ክር አስረው ጆሯቸው ላይ ያዞሩታል። የአገሩን ዕቃ ሁሉ የሚጠግኑ ሰው መነጽራቸውን አልጠገኑም።

ቤት ልከራይ የሄድሁ ቀን ባለትዳር ነሽ ወይ፣ ሥራሽ ምንድን ነው፣ ዋስሽ ማነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

"ስልክሽ ስንት ጊጋ ነው?" አሉኝ።

"ሠላሳ ሁለት።"

የሙት ልጅ እንዳየ ሰው ከንፈራቸውን መጠጡ። "አይዞሽ፤ እዚህ ግቢ ከገባሽ ቦታ አይጠብሽም።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ከቁም ሣጥኑ ላይ ደግሞ በሞተ ሬዲዮ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ራውተር። ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም፤ ያን ጊዜ ዳታ ከከተማው ከጠፋ ወራት አልፎት ነበር። ጋሽ ሙሐዲን ግን ዓለም ቢዘጋ ግቢው ለግቢው ክፍት ነው ባይ ናቸው። የተከራይ ስልክ ሁሉ ከአጥሩ ገብቶ የቤቱን ዋይፋይ ሲያገኝ፣ የያዘውን ፎቶና ቪዲዮ አንድ ሳያስቀር ለኮምፒውተሩ ያስረክባል። ኮምፒውተሩ "ግቢ" በሚባል ፎልደር ውስጥ ያኖረዋል። ቴሌቪዥኑ ከዚያ እያነበበ ያሳያል። ገመድ የለ፣ ፍላሽ የለ። ፈቃድም የለ።

"ስልክሽ ቢሰረቅስ? ውኃ ውስጥ ቢወድቅስ?" ይላሉ ሲጠየቁ። ትርንጎ የምትባለው ጎረቤቴ ስልኳን ጉድጓድ ውስጥ የጣለች ዕለት አንድም ፎቶ አልጠፋባትም። ልክ መሆናቸው ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

የዋይፋዩ መክፈቻ የባለቤታቸው የእትዬ ኑሪያ ስምና የተወለዱበት ዓመት ነው። ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር የእትዬ ኑሪያ ዕድሜ በግቢው ይታወጃል።

"ይህን ያህል ዘመን የደበቅሁትን ለአየር በተነው" ይላሉ እትዬ ኑሪያ። "ሌባ እንኳ የሚያስቀርልህ ነገር አለ።"

ይህን ሁሉ አይቼ "ፊታውራሪ ዘዋይፋይ" የሚል ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሹመቱን ያጸደቀው ግን የዒዱ ምሳ ነው። ትርንጎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ ገጠር ለገጠር እየዞረች የታመመ ከብት አፍና ሰኮና ፎቶ ታነሣለች። የዒድ ዕለት ሳሎኑ በእንግዶች ሞልቷል፤ ሥጋው ተዘርግቷል፤ እኔና ትርንጎ ለእኛ ለብቻ የተሠራልንን ሽሮ ይዘን ጥግ ተቀምጠናል። ጋሽ ሙሐዲን ተነሡና "የልጅ ልጄን አሚንን ላሳያችሁ፤ ጥርስ አብቅሏል" ብለው ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ፎልደሩ ደግሞ የሚጀምረው መጨረሻ ከገባው ነው። አርባ ሦስት የበሬ ምላስ፣ ቁስሉ እንደ ተከፈተ፣ አንዱ ከአንዱ እየተከታተለ ግድግዳውን ሞላው። አንድ ሐጂ የጎረሱትን ይዘው ቀሩ።

ጋሽ ሙሐዲን አልደነገጡም። "ጥራቱን እዩልኝ" አሉ።

እትዬ ኑሪያ ሳህኖቹን እየሰበሰቡ "ዘንድሮ ሥጋ ተረፈን" አሉ። "ዋይፋይ ይመስገን።"

እስከዚህ ያለውን አምና በዚሁ የጋዜጣ ዓምድ ላይ፣ ስም ሳልጠራ፣ ጽፌዋለሁ። አንባቢ ስቋል፤ በመንገድ ያስቆመኝና እጄን የጨበጠኝም አለ። አሁን የምጽፈው ያን ጊዜ ሆን ብዬ የተውሁትን ነው።

አባቴ ማሩ የጋፋት ገበሬ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው፣ "ያን ስልክሽን ክፈቺና አቁሚልኝ" አለኝ። "አንቺ ግን ውጪ።" ስልኩን ከውኃ ጠርሙስ ጋር አስደግፌ፣ መቅረጫውን ነክቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይም። ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

"ኋላ ታይዋለሽ" አለኝ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። አላየሁትም። መጀመሪያ አርባው ይውጣ አልሁ። ከዚያ ሙት ዓመቱ ይለፍ አልሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የምሰጠው ጥሩ መልስም ነበረኝ፤ ካየሁት ያልቃል፣ ካላየሁት ግን አባቴ ገና የሚነግረኝ ነገር አለው እል ነበር። አማርኛ አስተማሪ ስለሆንሁ እንዲህ ያለ መልስ አይቸግረኝም። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር። አባት ሴት ልጁን ከክፍል አስወጥቶ የሚናገረው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አልፈለግሁም።

አምና ጥቅምት፣ አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ግድም ሲሆነው፣ አዲስ ስልክ ገዛሁ። ጋሽ ሙሐዲን ካርቶኑን ገና ከበር አዩት።

"አሮጌውን ወዲህ በይው፤ ያለሽን ሁሉ ላዛውርልሽ።"

ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ ልሄድ ቸኩያለሁ። ሁለቱንም ስልኮች ሰጥቻቸው ወጣሁ። ቪዲዮው ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ትዝ ብሎኛል። ከፎልደሩ ግርጌ ማንም ሳይነካው እንደኖረ ሁሉ፣ አሁንም ስልክ ለስልክ ይተላለፋል እንጂ ማን ይከፍተዋል ብዬ ነው።

ድንች በዘንቢል ተሸክሜ ስመለስ የግቢው በር ላይ ቆምሁ። ሳሎኑ ውስጥ አባቴ ሲስል ሰማሁ። አባቴ ከባድ ነገር ሊናገር ሲል ሁለት ጊዜ ሳል ብሎ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር፤ ያን ሳል በሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ። ዘንቢሉን የት እንደጣልሁት አላውቅም። ስገባ የአባቴ ፊት ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቶ ይታያል፤ የአፍንጫው ቱቦ ሳይቀር። ፊት ለፊቱ ጋሽ ሙሐዲን፣ እትዬ ኑሪያና ትርንጎ ተቀምጠዋል። እትዬ ኑሪያ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ገመዱን ከነማከፋፈያው ከግድግዳው ነቀልሁት።

"ማስተዋል ልጄ" አሉ ጋሽ ሙሐዲን ብድግ ብለው፤ "ሳላውቅ ነው የተከፈተው፤ አዲሱ ስልክሽ ደግሞ ቢያስረክበው ከላይ መጣ። በደንብ ተላልፎ እንደሆነ ልይ ብዬ..."

"ስንት ደቂቃ አዩት?"

ወደ ባለቤታቸው አዩ። ትርንጎ አንገቷን ደፋች።

"ስንት ደቂቃ?"

"አንዴ ጨረስነው። አሁን ሁለተኛችን ነው" አሉ። "አደራ አለበት፣ ልጄ። ቃሉ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው የደገምሁት። አባትሽ ለአንድ ሰው..."

"አንድ ቃል እንዳይነግሩኝ!"

ከዚያ ያልሁትን ሁሉ አልጽፈውም። "ሰው ሞቶ እንኳ ከእጅዎ አያመልጥም?" ማለቴን፣ "የሙት ሌባ" ማለቴን ግን መደበቅ አልችልም። አንድ ቃል ለሰው ቢያወሩ እከስዎታለሁ ብያለሁ። እኒያን የአባቴን ታላቅ የሚሆኑ ሰውዬ በገዛ ሳሎናቸው፣ በባለቤታቸው ፊት።

"ከኮምፒውተሩ ያጥፉት" አልሁ በመጨረሻ።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሌላ ያልሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ" አሉ። "ይህን አላጠፋም። የሰው አደራ ነው።"

በሳምንቱ ቤቱን ለቅቄ በከተማው ሌላ ጫፍ ገባሁ። ቁጥራቸውን ዘጋሁ፤ የእትዬ ኑሪያንም ዘጋሁ። በኅዳር ዓምዴን ጻፍሁ። ስም አልጠራሁም፤ የመነጽራቸውን ክር ግን ጠራሁ። የሬዲዮ ሣጥኑን ጠራሁ። የእትዬ ኑሪያን ዕድሜ፣ የበሬውን ምላስ፣ ሁሉንም በየተራው አስገባሁ። በቀል መሆኑን ማንም አላወቀም፤ ቀልድ ነው የመሰላቸው። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ቃል በቃል መርጬ ነው የጻፍሁት። እጄን የጨበጡኝም በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከትርንጎ ነው። ግንቦት ላይ ባጃጅ ውስጥ ተገናኘን። መጀመሪያ ሰላም አላለችኝም።

"ገበያ ሲወጡ ልጆቹ 'ስልክ ደብቁ!' ነው የሚሏቸው" አለችኝ ቆይታ። "የሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር፤ እሱንም ትተዋል።"

"ጽሑፉን አይተውታል?"

"ለእትዬ ኑሪያ ጮክ ብለው አነበቡላቸው።"

"ምን አሉ?"

"'አማርኛዋ ጥሩ ነው' አሉ።" በመስኮት ወደ ውጭ አየች። "ማስተዋል፣ አንድ ሰው ሊያይሽ ይፈልጋል። ሐሙሲት ድረስ..."

"ከእሳቸው ወገን የሚመጣ ነገር መስማት አልፈልግም" አልሁና ባጃጁን አስቁሜ ወረድሁ። የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድሁት፤ ኩራት ብዙ ያስኬዳል።

ሰኔ ላይ እሸቴ ሞተ ተባለ።

እሸቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። በቤታችን ግን አጎት አይባልም፤ ጋሼም አይባልም፤ እሸቴ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጋፋት ላይ የሁለቱ እርሻ በሚዋሰንበት ቦታ፣ "ማሩ ድንበር ገፍቶብኛል፤ ድንጋዩን አንቀሳቅሷል" ብሎ ተነሣ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቴ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እጁን አንሥቶ ማለ። አገሩ ከማለው ጋር ቆመ፤ እሸቴ የወንድሙን ስም በሐሰት ያጠፋ ሰው ሆኖ ቀረ። እርሻውን ለሌላ ሰው የእኩል ሰጥቶ፣ ሚስቱን ፋሲል ከሚባለው ልጁ ጋር ይዞ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ሐሙሲት ሄደ። ሚስቱ ስትሞት ከእኛ ቤት ለቅሶ የደረሰ የለም። እኔም አልደረስሁም። የሐሰተኛ ሚስት ብዬ ነው።

ወደ እሱ ለቅሶ የሄድሁት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ዓይኔን ሳነሣ፣ ከጥግ፣ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጋሽ ሙሐዲን ተቀምጠዋል።

እዚህም ተከተሉኝ አልሁ በልቤ። ለመውጣት ዞር ስል ፋሲል ከፊቴ ቆመ። ከሃያ ዓመት ወዲህ ገና መነጋገራችን ነው።

"መጣሽ" አለኝ። "ዘገየሽ እንጂ።"

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እሳቸው እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"ጋሽ ሙሐዲን?" ገርሞት አየኝ። "የአባትሽን ድምፅ ያመጡልን እሳቸው አይደሉ እንዴ?"

ፋሲል የነገረኝ ይህ ነው። ጋሽ ሙሐዲን ጋፋት ላይ ጠያይቀው፣ መጀመሪያ በታኅሣሥ ሐሙሲት ወርደው በገበያው መሀል "የጋፋቱን እሸቴን የሚያውቅ" እያሉ ዋሉ። አራት እሸቴ አገኙ፤ አንዱም የጋፋት አይደለም። ሁለተኛ ሲመጡ መንገድ ተዘግቶ ከወረታ ተመለሱ። በሦስተኛው፣ የካቲት ላይ፣ አንድ እህል ሻጭ ቤታቸውን አሳያቸው። ላፕቶፕ ይዘዋል፤ ራውተሩንም ከነሣጥኑ በዘንቢል ይዘዋል። ፋሲል ላፕቶፑ ይበቃል ቢላቸው "የአባትህ ዓይን ሞራ ለብሶታል አሉኝ፤ የወንድሙን ፊት በዚህች መስኮት እንዴት ይለየዋል?" አሉ። የቤቱን ቴሌቪዥን ከላፕቶፑ ጋር ለማገናኘት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። አንድ ደቂቃ ነው እያሉ።

"አባቴ ተነሥቶ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ድረስ ቀረበ" አለ ፋሲል። "እንደዚያ ቆሞ ነው የሰማው። ሲያልቅ 'ድገመው' አለ። ስንቴ እንደደገምነው አላውቅም። ከዚያ 'ልጅቷን አምጡልኝ' አለ፤ አንቺን። ጋሽ ሙሐዲን ደወሉልሽ፤ ስልክሽ አይሠራም አሉ። አራት ወር ጠበቀሽ።"

"ምን አለ?" አልሁት። "አባቴ፤ ቪዲዮው ላይ ምንድን ነው ያለው?"

ፋሲል አፉን ከፍቶ ቀረ። "አንቺ አላየሽውም?"

ወደ ጋሽ ሙሐዲን ዞርን። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

"እኔ አልነግርሽም" አለ ፋሲል። "ከራሱ አፍ ስሚው።"

ከቤቱ ጀርባ አንድ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጥሁና ስልኬን አወጣሁ። ቪዲዮው እዚያው ነበረ፤ ሁልጊዜም እዚያው ነበረ። አባቴ ሁለት ጊዜ ሳል አለ።

"እሸቴ፣ ወንድሜ" አለ። "ድንጋዩን ያንቀሳቀስሁት እኔ ነኝ። እሁድ ጧት ነው፤ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ። አምስት ክንድ ገፋሁብህ። ሽማግሌ ሲቀመጥ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሰው ሲሰበሰብ አፈርሁ። አፍሬ ማልሁ። ምዬ ካድሁህ። አንተ ሐሰተኛ ተብለህ ከአገር ስትወጣ ከአጥሬ ላይ ሆኜ አየሁህ። ሚስትህ ስትሞትም ቀረሁ። ለአምስት ክንድ ገብስ።"

ከዚያ ለጥቂት ጊዜ የኦክስጅኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በመሀሉ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አንዲት ቡላ ላም፣ ስለ እናታቸው የሚናገረው አለ፤ እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። መጨረሻ ላይ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ፤ እኔ ወደ ቆምሁበት።

"ማስተዋልን ያስወጣኋት እፍረት ይዞኝ ነው። ልጄ፣ ይህን ስታይ ይዘሽለት ሂጂ። በሕይወት ሳለ ድረሽበት። ዛሬ ነገ አትበይ።"

ስንት ሰዓት እዚያ እንደተቀመጥሁ አላውቅም። ሰው አባቱ እንደዋሸ ሲያውቅ የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር። አላለቀስሁም። ቁጥር ነው የቆጠርሁት። ከሆስፒታሉ እስከ ሐሙሲት የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም። እኔ ግን በአንድ ጣት የምከፍተውን ከሁለት ዓመት በላይ በኪሴ ይዤው ዞርሁ፤ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ሦስት ጊዜ ወረደበት።

ተመልሼ ድንኳኑ ውስጥ ከጋሽ ሙሐዲን አጠገብ ተቀመጥሁ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አንድ ቃል እንዳይነግሩኝ አልሽ።"

"ጋዜጣ ላይ ያን ሁሉ ስጽፍብዎትስ? አንድ ቃል ቢያወጡ ከተማው የሚስቀው በእኔ ነበር። በአባቴ ነበር።"

"የሙት ገበና አውጥቼ ነው የራሴን ስም የማጥበው?" አሉ። ቆባቸውን አስተካከሉ። "ልጄ፣ ሰው ዕቃውን ሲሰጠኝ ብዙ አያለሁ፤ ብዙ እሰማለሁ። ያየሁትን ሁሉ ባወራ ኖሮ ደብረ ታቦር ውስጥ የሚተርፍ ትዳር አልነበረም።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ሙሐዲን።"

"አላህ ይቅር ይበለን።" ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ጽሑፍሽ ግን አንድ ስሕተት አለበት። ሣጥኑ የሬዲዮ አይደለም። የድምፅ ማጉያ ሣጥን ነው። ጠይቀሽኝ ቢሆን እነግርሽ ነበር።"

ስለዚህ ከላይ የሬዲዮ ሣጥን ያልሁትን አንባቢ ያርምልኝ። ሌላውን የበደልሁትን በዚህ ዓምድ ማረም የሚቻል አይመስለኝም። "ስልክ ደብቁ" ያሉት ልጆች ጋዜጣ አያነቡም፤ ቃሉን ግን የወሰዱት ከእኔ ነው። ጋሽ እሸቴም አያነቡም። "ጋሽ" ያልኋቸው ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ታኅሣሥ፣ ገብሱ ከተነሣ በኋላ፣ ፋሲልና እኔ ጋፋት ላይ ሽማግሌ አስቀምጠን ድንጋዩን አምስት ክንድ መለስነው። ያን መሐላ ከተቀበሉት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት አንድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በምርኩዝ መጥተው አንድ ቃል ሳይናገሩ ቆመው አዩ። ጋሽ ሙሐዲንን የጠራቸው የለም። በእግረኛው መንገድ ሲያለከልኩ ደረሱና ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ። "ለማስረጃ ነው" አሉ።

ከሰዓት በኋላ ፋሲልን ይዘን ሳሎናቸው ገባን። ስልካቸው የቀረጸውን ለኮምፒውተሩ እስኪያስረክብ ጠበቅን። እትዬ ኑሪያ መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆዩ፤ ዕድሜያቸውን በጋዜጣ ያወጣሁባቸውን አልረሱትም። ከዚያ "ቁጭ በይ እንጂ፤ ግድግዳ ነሽ?" አሉኝ። ቪዲዮው ተከፈተ። አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ከአሥራ አራቱ አሥሩ አንድ ትልቅ፣ ሮዝ፣ የተሸበሸበ ነገር ብቻ ነው። ከጎኑ በምትቀረው ስንጥቅ አንዳንዴ የእኔ ትከሻ፣ አንዳንዴ የድንጋዩ ጫፍ ይታያል።

ፋሲል ብዙ ታገሠ። በመጨረሻ "ይሄ ጣት የማን ነው?" አለ።

እትዬ ኑሪያ ቀድመው ሳቁ። ትርንጎ ተከተለች። ፋሲል ራሱ በሳቅ ሲፈርስ እኔም አልቻልሁም። በሁለታችን ቤት መሀል ከሃያ ዓመት ወዲህ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ይህ ነው፤ ሊስቁት የሚገባቸው ሁለቱ ወንድማማቾች ግን አልሰሙትም።

ጋሽ ሙሐዲን ተቀየሙ። ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ፋሲልን ይቅር አሉት፤ ትርንጎንም ይቅር አሏት። እኔን ግን ሻይ ቀርቦ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው እስኪነሣ ድረስ አላናገሩኝም። ብሄድ ይሻል ነበር፤ አልሄድሁም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ ልጁ ቆጥሮ ያኮረፈኝ ሰው አልነበረም፤ ኩርፊያቸው እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጬ ጠበቅሁ።